ቀዩ መስመር ስንት ላይ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬

ቀዳዳው ሰፋብኝ! ሦስት ጊዜ ለክቼ ቆረጥኩ፣ ይኸው ሰፋ። የሙቀት መለኪያውን ገና ሳስገባው በወዲያ በኩል ሾልኮ ወደቀ። የካሚዮኑ ባለቤት ሐጂ ይማም አጠገቤ ቆመዋል። «የመኪናዬን ፊት ፈነከትከው!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

እኔስ ባልነካው ደስ ባለኝ። ግን አየለ አለ። የሚስቴ ወንድም ነው፣ ካሚዮኑን የሚነዳውም እሱ ነው። የጣልያን ጦር ዱቄት ጭኖ ሁለት ጊዜ የራዲያተሩ ውሃ ፈልቶ መንገድ ላይ ቀረ። የጣልያኑ ሹም አስጠርቶ «ሦስተኛ ጊዜ ከቀረህ ለሽፍቶቹ ብለህ ነው፣ ትሰቀላለህ» አለው። ሽፍታ የሚሏቸው አርበኞቹን ነው። መኪናው ደግሞ የውሃውን ሙቀት የሚያሳይ ነገር ከነጭራሹ የለውም። ከምሠራበት ጋራዥ ጓሮ፣ ከተሰባበረ የጦር መኪና ላይ አንድ መለኪያ ፈታሁ። ጣልያኑን አለቃዬን አላስፈቀድኩም።

ረቡዕ፣ ፲፭

ጾም ገባ። ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ቀለበት ቆርጬ ቀዳዳውን አጠበብኩት። ጥብቅ አለ! የመለኪያውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ በፔዳሎቹ አጠገብ አሳልፌ ጫፉን የራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ሐጂ አጎንብሰው አዩት፣ አዩት፣ «እንግዲህ ይሁን» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ለአየለ «መርፌው መቶ ላይ ያለው ቀይ መስመር እስኪደርስ ምንም አትፍራ» አልኩት። አፌን ሞልቼ፣ እንደ አዋቂ!

ሐሙስ፣ ፲፮

አየለ ሉማሜ ሳይደርስ መኪናው ፈላ። ደግነቱ ወታደር አብሮት አልነበረም። የሚጠጣውን ውሃ ጨምሮ፣ አቀዝቅዞ ተመለሰ።

«መርፌህ ምን ይላል? ዘጠና ሁለት! ውሃው ምን ይላል? ይንፈቀፈቃል! እህቴን ማግባትህ አልበቃ ብሎህ ልታሰቅለኝ ነው?» አለኝ።

ቅዳሜ ወደ ደጀን ሊጭን ነው፣ ያውም ሁለት ወታደር አብሮት ተሳፍሮ።

ዓርብ፣ ፲፯

መለኪያውን ነቅዬ ቤት አመጣሁት። ሚስቴ ውድነሽ ባቄላ ጥዳለች። የቱቦውን ጫፍ ድስቷ ውስጥ ስከተው «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አለች። ውሃው ይፈላል። መርፌው ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። እንጨት ጨመርኩ። ዘጠና ሁለት። አነደድኩ፣ አራገብኩ፣ ጭሱ አስለቀሰኝ። ዘጠና ሁለት! ይህ ውሸታም ብዬ መርፌውን ላጣምመው ፒንሳ አነሳሁ።

«ምን አደረገህ?» አለች። ነገርኳት። ሳቀች። እሷ የዓባይ በረሃ ልጅ ናት። «እኛ አገር ይኸው ባቄላ ቶሎ ይበስላል። እዚህ ደጋ ከመጣሁ ጀምሮ ስጥድ እውላለሁ። የናንተ ውሃ ለመፍላቱማ ቶሎ ይፈላል፣ እሳት ግን የለውም።»

ፒንሳው በእጄ ቀረ። ወይ የኔ ነገር! መለኪያው አልዋሸም። ቀዩን መስመር ያሰመሩት ቆላ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ደጋው ላይ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ውሃ መቶን ሳያይ ዘጠና ሁለት ላይ ይፈላል።

መስታወቱን ከፈትኩ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የእመቤታችንን ስም የምጽፍበት ቀይ ቀለም ትንሽ ቀርቶኛል። በብርዕ ሰማንያ ስምንት ላይ አሰመርኩ። ይቅር ትበለኝ።

ቅዳሜ፣ ፲፰

ጠዋት ገጥሜ አሳየሁት። አየለ መስመሩን አየ፣ እኔን አየ። «ከትናንት ወዲያ ቀዩ እዚያ ነበር፣ ዛሬ እዚህ መጣ። ነገ የት ልታደርገው ነው?» ወታደሮቹ ተሳፈሩ፣ ሄደ። አንዱ ከጎኑ ተቀመጠ።

ዛሬ የሠራሁት፦ አንድ ጎማ ለጠፍኩ። ያንኑ ጎማ እንደገና ለጠፍኩ። አለቃዬ ካቻቢቴ ሲጠይቀኝ መዶሻ ሰጠሁት። ሰማንያ አምስት ላይ ባሰምረው ይሻል ነበር? ካልታመነበት ግን ምን ዋጋ አለው? ሲመሽም አየለ አልመጣም።

እሑድ፣ ፲፱

ከቅዳሴ ስንወጣ የካሚዮኑን ድምፅ ሰማሁ። ሮጥኩ። አየለ በራሱ እግር ወረደ። ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ደፍኖታል።

ከጎኑ የተቀመጠው ወታደር ቁጥር ያነባል ለካ። መርፌው መስመሬ ላይ ሲደርስ አየለ ቆመ። ወታደሩ «መቶ ገና ነው፣ ንዳ!» አለ። አየለ እምቢ አለ። «ሽፍቶቹን እየጠበቅክ ነው!» ብሎ በሰደፍ መታው። አየለ ሞተሩ እስኪበርድ አልተንቀሳቀሰም።

«አራት ጊዜ ቆምኩ፣ አራት ጊዜ ተመታሁ» አለኝ። «አልፈላም ግን። ዱቄቱን ደጀን አራገፍኩ።»

እንባዬ መጣ። እሱ ግን ለእንባዬ ጊዜ አልነበረውም። ነገም ጭነት አለው፣ ያው ወታደር አብሮት። ጋቢና ውስጥ ጎተተኝና ሰሌዳውን አሳየኝ። «ያንተን ተወው። የነሱን አጥፋልኝ፣ ከነቁጥሩ።»

የነሱን ንብረት ያለፈቃድ መፍታት አንድ ነገር ነው። ቁጥራቸውን መፋቅ ሌላ ነው። አለቃዬ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ቢያየው የኔ እጅ መሆኑን ያውቃል።

በቢላዋ ጫፍ መቶውን ፋቅኩት። ቢላዋው አዳልጦ ዘጠናውንም ጨረፈው። አሁን እዚያ ላይ ያለው ቀይ የእኔ ብቻ ነው። ነገ ማንም ቢጠይቅ አየለ «እኔ አላውቅም፣ የእህቴ ባል ነው የሠራው» እንዲል አስምዬዋለሁ።