የሚያስነጥሰው ሞተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠዋት ጋራዡን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ የክሊኒኩ አዋላጅ ሞተር ሳይክሏን እየገፋች ከች አለች። «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ይቆራረጥብኛል። እናት ምጥ ላይ ሆና እኔ መንገድ ላይ ብቀርስ?» አስነሳሁት። የካቻቢቴዬን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው። ሰፈሩም «ጆሮው» ነው የሚለኝ።

«ጤነኛ ነው» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። «አሁንም እኮ እየቆራረጠ ነው!»

እኔ... ምንም አልሰማሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ግራውን ሞከርኩ። ግራው ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ የሞተር ጉድለት ግን አይለይልኝም። ቀኙ ጭራሽ ጠፍቷል። ምን ይሻለኛል? «ጆሮው» ደንቁሯል ከተባለ ማን ሞተር ያመጣልኛል? ሌላ ሙያ የለኝ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። አፍሬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተንኮል አሰብኩ። ባለቤቴ ከጎኔ ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ጠራኋት። «ነይ እስቲ፣ ለጨዋታ ያህል... ይሄ ሞተር ምን ይላል?» መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ አዳመጠች።

«ያስነጥሳል።»

እሰይ! እኛ ጋራዥ ማስነጠስ ማለት ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ በኩል እፍ ብሎ መትፋት ነው። የቤንዚን ችግር። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ነፋሁት፣ ገጠምኩት።

«አሁንስ?»

«ያስነጥሳል።»

እንደገና ፈታሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ለሦስተኛ ጊዜ ገጥሜው «ያስነጥሳል» ስትለኝ ንዴቴ ገነፈለ። «አንቺ ሴትዮ፣ የታለ የሚያስነጥሰው? እጄን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጌያለሁ፣ ትንፍሽ አይልም!»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? እንዳንተ ነው ያልኩት!»

«እንደኔ እንዴት?»

ዓይኗን ጨፈነች፣ አፍንጫዋን ወደ ጣራ ሰቀለች። ሃ... ሃ... ሃ... ከዚያ ምንም። «መጣ ሲሉት ይቀራል። አንተ መቼ ጨርሰህ አስነጥሰህ ታውቃለህ?»

በሳቅ ፈረስኩ። ወይ የኔ ጉድ! ለካ የቤንዚን አይደለም፣ የእሳት ነው። ቤንዚኑ ይገባል፣ እሳቱ አንዳንዴ ይቀራል። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ቀየርኩ... ያው ነው አለችኝ። የካንዴላውን ቆብ ስነቅለው ውስጡ ዝጓል፤ ሲሞቅ ግንኙነቱ ይቋረጣል ማለት ነው። አዲስ ቆብ አስገባሁ። አስነሳሁና ዓይን ዓይኗን አየሁ። ቆማ ብዙ አዳመጠች።

«አሁን አንድም ምት አልቀረበትም።»

እንዴት እንደምወዳት! አፌ ግን «እሺ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ነው ያላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አዋላጇ ዳገቱን ወጥታ ተመለሰች። ፊቷ በርቷል። «ጋሼ ጆሮው እኮ ጆሮው ነው!» ባለቤቴም እዚያው በር ላይ ቆማለች። በእጄ ወደ እሷ አመለከትኩ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ቀኙ አይሰማኝም፣ ግራውም እየደከመ ነው። ያገኘችው እሷ ናት።»

ተናገርኩት። በቃ። አዋላጇ አልሳቀችብኝም። «ሰኞ ክሊኒክ ይምጡ፣ ለጆሮ ሐኪሙ እነግርልዎታለሁ። ፍሬኑን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አብራችሁ ታዩልኛላችሁ» ብላ አስነስታ ሄደች። አብራችሁ...

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ምንም አልደነገጠችም።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ቀኙ መድከም ሲጀምር ነው ያወቅኩት፤ ሁለት ዓመቴ።»

«ሁለት ዓመት?!»

«አልጋ ላይ ቦታ እንቀያየር ያልኩህ ለምን መሰለህ? በሚሰማህ ጆሮ በኩል ልሁን ብዬ ነው።»

«የበሩ ንፋስ አስቸገረኝ ነው እኮ ያልሽኝ!»

«የምን ንፋስ?»

እኔ ሞኙ ለዚያ ንፋስ ብዬ በሩን ዙሪያውን በጎማ ለብጬላታለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ።