መነጽሩን አልልክልሽም

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። ሱቅሽንና ሱቄን የሚለየው አንድ መንገድ ነው፤ ተሻግሬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ፊት ለፊት ስንቀመጥ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ልጆች ሳለንም እንዲሁ ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ያን ቀን መቼም አትረሺውም። ያኔ እኔ ሱቅ ውስጥ አብረን እንሰፋ ነበር። የአንድ ሹፌር ደንበኛችንን ሱሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ጫፉን በእጄ እሰፋለሁ። ዓይኔ ቅርቡን እምቢ ካለኝ ሰንብቷል፤ የምሠራው በዳበሳ ነበር። ሹፌሩ መጥቶ «ደረሰልኝ?» ሲል ብድግ አልኩ፤ ሱሪውም አብሮኝ ብድግ አለ። ለካ ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ሹፌሩ እንኳ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። አንቺ ግን እንዳትወድቂ ወንበር ይዘሽ ሳቅሽ።

«እትዬ፣ ሱሪውን አገባሽው እንዴ?»

በዚህስ እኔም ስቄያለሁ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ከዚያ ግን ተራ ወደሚጠብቁት ደንበኞች ዞርሽና «እሷ እንደሆነች ታውራለች፤ ከእንግዲህ ሥራችሁን ለእኔ ስጡ» አልሽ። ብዙም ሳትቆዪ የስፌት መኪናሽን አስጭነሽ ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፈትሽ። ደንበኛው ተከተለሽ። ለእኔ የተረፈኝ ቁልፍ መትከልና ዚፕ መቀየር ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቴ ነው። መርፌ ያስያዝኩሽ እኮ እኔ ነኝ! እኔን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ሰፊዎች የጣሉትን ቁርጥራጭ እየለቀምኩ ነው የለመድኩት።

መነጽር ገዛሁ። ሳደርገው ጉጉት እመስላለሁ። ቀና ስል መንገደኛው ሁሉ ጭስ ይሆንብኛል፤ ሳጎነብስ ግን የመርፌው ቀዳዳ በር ያህላል። መጀመሪያ ያየሁበት የራሴን ስፌት ነው፤ የሰከረ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ስለ ዓይኔ ያልሽው እውነት ነው፣ አልክድሽም። ግን ቀድመሽ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ያንቺን ልንገርሽ። መነጽሬን ሳወልቅ ሩቁ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ከሩቁም አንቺ አለሽ። ክሩን በምራቅሽ ታሾያለሽ፣ ቀዳዳውን ትስቻለሽ፣ ክንድሽን እስከ መስኮቱ ትዘረጊያለሽ። ሰው ሲገባ መቀስ እንደጠፋብሽ ታስመስያለሽ። ትናንት ርዕሰ መምህሯ የሰፋሽላቸውን ኮት ይዘው እኔ ጋ መጡ።

«ኪሱ አፉን ዘግቶ እጄን አላስገባ አለኝ! እህትሽን ምን ነካት?»

ያን «ታውራለች» ያልሽውን ቃል ልመልስልሽ ምላሴን በላኝ። «ቀኑ ደመና ስለነበር ይሆናል» ብዬ ፈትቼ ሰፋሁላቸው። አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። ከራስሽ አፍ መስማት ስለምፈልግ ነው።

ሌላ መነጽር ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አልልክልሽም። መንገዱን ተሻግረሽ፣ ደንበኛ ባለበት፣ «እትዬ፣ ክር ማስገባት አቃተኝ» በይኝ። መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ወንበር ይዤ እስቃለሁ። ከዚያ መሳቢያውን እከፍትልሻለሁ።

ይህን ሁሉ ባቄላ በሚያካክሉ ፊደሎች የጻፍኩት ለዓይንሽ አስቤ ነው። እንደለመድሽው ክንድሽን ዘርግተሽ አንብቢው። ከመስኮቴ ሆኜ አይሻለሁ።

ሱሪ ያገባችው እህትሽ