ለቅሷችንን የምርጫ ማስታወቂያ ስላደረጉልን

ለክቡር ሴናተር ኦልቭስታድ
ሴንት ፖል

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ ፈገግታዎ ደህና ናቸው? እኛ ብሩክሊን ሴንተር ያለነው፣ ከአንዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

በየቤታችን ያደሉትን የሕይወት ታሪክዎን አነበብኩ። ከገበሬ ቤት ተነስተው ጠበቃ፣ ከዚያ ዳኛ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ሴናተር መሆንዎ ይገርማል። እናትዎ ሲያጣጥሩ የዋሽንግተኑን ስብሰባ ጥለው መጥተው፣ እጃቸውን ይዘው እንደሸኟቸው የጻፉትማ አስለቀሰኝ። ስለዚህ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ፦ ወንድሜ ሰረቀብርሃን ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ ኖሮ በካንሰር በወደቀ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ያለችው እናታችን መጥታ ዓይኑን እንድታይ ለቪዛዋ አንዲት ቃል እንዲጽፉልን ቢሮዎን ብንለምን፣ ሳይዘገዩ ፊርማዎ ያረፈበትን የራስዎን ፎቶግራፍ ስለላኩልን። ወንድሜ እናቱን ሳያይ እርስዎን አይቶ ሞተ።

፪ኛ፦ ለቅሶ የተቀመጥንበት አዳራሽ ከነካሜራዎ ስለገቡልን። ለቅሶ የመጣ ሰው በር አይዘጋበትምና፣ የእናቴ እኅት ማሚት ሊያስተዛዝኑን የመጡ መስሏት አንገትዎ ላይ ተጠምጥማ አነባች። እርስዎ ለካ የድጋፍ ስብሰባ መስሎዎታል! እንዲህ ተሰብስበን ስላገኙን መደሰትዎን ነግረውን፣ ስቲከር አድለው ሄዱ።

፫ኛ፦ ማሚት ተጠምጥማብዎ ስታለቅስ ካሜራዎ ያነሳውን ፎቶ «የደስታ እንባ» ብለው ኢንተርኔት ላይ ስላወጡት። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። እናታችን ልቧን ስለሚያማት፣ እኔ ራሴ ሄጄ እስካረዳት ድረስ ሞቱን ደብቀናት ነበር። ጎረቤቷ ገነት ግን ፎቶውን ኢንተርኔት ካፌ አግኝታ፣ ቤተሰቧ ከትልቅ ሰው ጋር መታየቱ የምሥራች መስሏት፣ አሳትማ ወሰደችላት። እናቴ ጥቁር የለበሰች እኅቷን አየች፤ ከጀርባዎ ሻማ የበራለትን የልጇን ምስል አየች። አጠገቧ አንድ ዘመድ እንኳ አልነበረም።

ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። እርስዎ የእናትዎን እጅ ይዘው ሸኙ፤ የእኔ እናት የልጇን እጅ መያዝ ተከልክላ፣ መሞቱን ከእርስዎ ሳቅ ተረዳች። ፎቶውን ዛሬውኑ ከኢንተርኔት ያጥፉልኝ!

ቀሪ ዘመንዎ በሹመትና በጭብጨባ እንዲያልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ እናቷን በስልክ የምታጽናና አክባሪዎ፣

ዮሐና እንግዳ
ኦክቶበር 2006

ማስታወሻ፦ በእኛ ወግ ለቅሶ የደረሰን ሰው ለቅሶውን መድረስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ምርጫውን በተሸነፉ ዕለት መላው ቤተ ዘመድ ከነካሜራችን እንመጣለን። ያን ቀን ብናለቅስ ግን፣ በእውነት የደስታ ነው።