የእህትሽ ሰርግ ታንኳዎች

ዜማ፣
ጉድ ሆንን።
ለእህትሽ ሰርግ ማስጌጫ የሠራኋቸው ትንንሽ ታንኳዎች ነገ በየጠረጴዛው በሚቀመጠው ውሃ ላይ መንሳፈፍ መቻላቸውን ልሞክር ብዬ አንዷን ውሃ የሞላ ሳህን ውስጥ ባስቀምጣት ጭቃ ሆነች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም።

«ኦቭን ውስጥ የሚጋገረውን የቅርጽ መሥሪያ ክሌይ ግዢ» ብለሽኝ ነበር። እኔ በአየር የሚደርቀውን ገዛሁና «ያው ነው» አልሁሽ።

የሚጋገረውን ፍለጋ ወጥቻለሁ። ኦቭኑን አሙቂልኝ፤ ከ130 ዲግሪ እንዳያልፍ። በጣም ለስላሳውን አልገዛም፣ የቀጭን መቅዘፊያ ቅርጽ አይዝም። ጠንከር ያለውን ካገኘሁ እስኪለዝብ አብረን እናሸዋለን።

ለእህትሽ እንዳትነግሪያት። እኔው እነግራታለሁ።

አንቺ ከሚጋገረው ለናሙና የሠራሻት፣ እኔ የሳቅሁባት ታንኳ፣ እስካሁን ሳህኑ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈች ነው።
እስክመለስ አታውጪያት።

ሰሚሐ