የወይዘሮ ቬቱሪያ ሉፓሽኩ የሕይወት ታሪክና ስለ ጥልቁ ጉድጓድ የተዉት አደራ

ወይዘሮ ቬቱሪያ ሉፓሽኩ ከአባታቸው ከአቶ ቶአደር ኒስቶርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳቬታ በሩማንያ፣ ያሽ አውራጃ፣ በመንደራችን በኢዝቮራሽ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ቀጥሎም ያሽ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1974 በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ ወዲያውም በአውራጃው የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ1976 ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ሚርቸያ ሉፓሽኩ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዶይናንና ሶሪንን ወልደዋል።

ከመንደራችን በታች የሚያልፈው ወንዝ በየበጋው አረንጓዴ ቆዳ ሲያወጣ፣ ዓሣውም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ፣ ሁላችንም ሙቀቱ ነው እንል ነበር። ወይዘሮ ቬቱሪያ ግን ከኮረብታው የአሳማ እርባታና ከበቆሎው ማሳ የሚታጠበው ናይትሬት ወንዙን እያበላሸ፣ በመሬት ውስጥም ወደ ጉድጓዶቻችን እየሰረገ መሆኑን ደርሰውበት ነበር። ለአለቆቻቸው ሲያመለክቱ ወሬው እንዳይወጣ ተነገራቸው።

በ1987 ለፋሲካ ወደ ቤተሰባቸው ሲመጡ የወንድማቸው የገብሪል ልጅ፣ ገና በጡጦ ያለችው ኢሊንካ፣ ከንፈሯ እንደ በሰለ ፕለም ጠቁሮ አገኟት። እናቷ ውሃውን ደጋግማ አፍልታ ነበር የዱቄት ወተቱን የበጠበጠችው። ማፍላት ግን ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጭራሽ ያበረታዋል። የሕፃን ደም ደግሞ በዚህ የተነሳ አየር መሸከም ያቅተዋል። ወይዘሮ ቬቱሪያ ሕፃኗን አቅፈው በወተት መኪና ሆስፒታል አደረሷት፤ ተረፈችም።

ሲመለሱ ሳንቃና መዶሻ ይዘው በቀጥታ ወደ አባታቸው ጉድጓድ ሄደው አፉን መዝጋት ጀመሩ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ዕድሜዬን ሙሉ ጠጥቼው ምን ሆንኩ?» አሉ አቶ ቶአደር።

«እርስዎን ምንም አያደርግዎትም አባባ። የሚገድለው ጡጦ የሚጠባውን ነው።»

«ሽታ የለው፣ ቀለም የለው! ከተሜ ሆንኩና ውሃችሁን ተጸየፍኩት አትዪም?»

በማግስቱ ልጃቸው ወደ ሥራ ሲመለሱ አቶ ቶአደር ሳንቃውን ነቅለው ጣሉት። በነሐሴ ወር የጎረቤታችን የወይዘሮ ፓራስኪቫ የበኩር ልጅ፣ ገና ጡጦ የሚጠባው ማተይ፣ በዚያው ውሃ ታመመ። መኪና እስኪገኝ ድረስ በእናቱ እቅፍ እንዳለ አረፈ። አቶ ቶአደር ከቀብሩ ቀሩ። ሰው ሲመለስ ጉድጓዳቸውን በአካፋ አፈር ሲሞሉ አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ብርጭቆ ውሃ በቀረበላቸው ቁጥር ልጃቸውን ቀና ብለው እያዩ፣ «ልጠጣው?» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ቬቱሪያ ከዚያ በኋላ ዝም አላሉም። ደጅ ጠንተው፣ ተከራክረው፣ በ1998 ከሸክላው አፈር በታች የወረደውን ጥልቅ ጉድጓድ ለመንደራችን አስቆፈሩ። በ2011 ጡረታ ወጡ፤ በ2015 ባለቤታቸውን በሞት አጡ። እኛ ጉዳዩ አለቀ ብለን ቧንቧችንን ከፍተን ስንኖር እሳቸው መመርመሩን አልተዉም ነበር። ባለፈው መከር በጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ናይትሬት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። በየወሩም ሲመረምሩት ጨምሮ አገኙት።

ከንቲባው፣ «እትዬ ቬቱሪያ፣ ከተፈቀደው በታች ነው እኮ! ምርጫው ይለፍና እናየዋለን» አላቸው።

«ዛሬ በታች ነው። ይህ የደረሰን ግን ልጅ ሆነን የተረጨው ማዳበሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የረጨነው ገና መንገድ ላይ ነው» ሲሉ መለሱለት።

ስብሰባ ጠሩ፤ ከቄሱና ከወይዘሮ ፓራስኪቫ በቀር የመጣ አልነበረም።

ወይዘሮ ቬቱሪያ ባደረባቸው የጣፊያ ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 2024 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አልጋ ላይ ሳሉ ለልጃቸው ለዶይና እንዲህ ብለዋታል፦ «ለስብሰባ ስጠራቸው አልመጡም፤ ለቀብሬ ግን ይመጣሉ። የጉድጓዱ ነገር ያኔ ይነበብላቸው።»

ስለዚህ ይኸው ተነበበ። ከጥልቁ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ፣ የፈላም ቢሆን፣ ለሕፃን አይሰጥ።

ወይዘሮ ቬቱሪያ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ገብሪል፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን። ደወሉ ሲደወል ማዳበሪያ የጫኑት ትራክተሮች ወደ ኮረብታው ሲወጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነን አይተናል። እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ምንጩ በማይደፈርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ በሕይወት የቀረነውን እኛን ደግሞ ሳይመሽ የምንሰማ ያድርገን።