«ማንበብ አይችልም» ተብዬ ስለተመዘገብሁበት ጉዳይ፣ ለንባብ ቤታችን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ቀለመወርቅ፣
የከተማችን ንባብ ቤት ኃላፊ፤

ሰላምታዬ ከወንበርዎ ሳያስነሣዎ እዚያው እንደተቀመጡ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ለወገብ አይበጅም ሲሉ ሰምቼ አስቤልዎታለሁ። ልጆችዎም፣ ቤትዎም፣ ከብት ካለዎ ከብትዎም ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ ከንባብ ቤትዎ ከወጣሁ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ጉሮሮዬ ከበፊቱ ተከፍቷል።

ምናልባት ጠፍቼብዎ እንደሆነ፣ እኔ ፈንታ ዘመኑ ነኝ። ከጋይንት ገጠር የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ እየመጣሁ፣ ገብሴን ሸጬ ስጨርስ በየገበያው ቀን ንባብ ቤትዎ የምገባው፣ ሚስቴ የሞተችብኝ ሽማግሌ። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማንም አላረመልኝም፤ ላርም ቢልም እሺ አልለውም ነበር። ለእርስዎ ብቻ ያልላክሁትም እኔን ያስወጡኝ በሰው ፊት ስለሆነ፣ መልሱም በሰው ፊት ቢሆን ደግ ነው ብዬ ነው።

ነገሩን ላልሰማ ሰው ልናገር። ያን ቀን ስለ ዶሮ እርባታ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥሁ። እኔ በልጅነቴ ቤተ ልሔም አጠገብ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ አቡጊዳን ጨርሼ፣ መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ማለት ስጀምር፣ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ወሰደኝ። ሌላ ዓይነት ንባብ ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ የዶሮዋንም መጽሐፍ በማውቀው ንባብ፣ ድምፄን እየጎተትሁ፣ ወገቤን እያወዛወዝሁ አነበብኋት። «ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ከብርድ ይጠበቁ» ከሚለው ስደርስ አንድ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ስለ ዶሮ እኮ ነው! ዳዊት አስመሰሉት!» አለኝና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

ያን ጊዜ ሌላ ወጣት «ረበሹኝ» ብሎ ከሰሰኝና እርስዎ ከቢሮዎ ወጡ። የንባብ ካርዴን ተቀበሉኝ፤ መዝገብ ያዧን ምሥራቅንም ከስሜ አንጻር «ማንበብ አይችልም» ብላ እንድትጽፍ አዘዟት። ልጅቱ፣ እግዜር ይስጣት፣ «ኧረ አቶ ቀለመወርቅ፣ ሲያነቡ ሁላችንም ሰማናቸው እኮ!» ብትልዎ፣ «ችግሩ መስማታችን አይደል እንዴ!» ብለው መለሱላት። ካርዴን የማገኘውም ማንበብ አለመቻሌን አምኜ ስፈርም፣ ከዚያም የጎልማሶችን ትምህርት ከሀ ጀምሬ ድምፅ ሳላወጣ በልብ ማንበብን ስማር መሆኑን በትሕትና ገለጡልኝ። ለዚህ ሁሉ ድካምዎ የሚከተለውን ምስጋና ከአቤቱታ ጋር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። በንባብ ቤትዎ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ፍጹም ጸጥ ብለው ስልካቸውን ሲነካኩ አይቻለሁ፤ መጻሕፍቱም ከመደርደሪያው ማንም ሳይረብሻቸው ዐርፈው ተቀምጠዋል። አቤት ብሎ የከሰሰኝ ወጣት ጆሮውን በግራም በቀኝም በማዳመጫ ወትፎ ነበርና፣ እንዴት አድርጎ እንደሰማኝ እስካሁን ይገርመኛል። የእሱ ካርድ እንዳልተወሰደ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እሱ ማንበብ ይችላል ማለት ነው፤ አልተሰማማ።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቴ ማሰብዎን አመሰግናለሁ። የኔታ ዘንድ ሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ሠላሳ ልዩ ልዩ ቃል ሲጮህ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከመካከላችን የተሳሳተውን በስሙ ይጠሩት ነበር። ዝም ያለው ልጅ ግን ተኝቷል ተብሎ በአለንጋ ይቀሰቀስ ነበር። እኔ ስሳሳት ገበያው ሁሉ ይሰማኛል፤ የሚያውቅ ያርመኛል። እርስዎ በልብዎ ሲያነቡ ቢሳሳቱ ማን ያርምዎታል? ይህን የምጠይቀው ለመማር ብዬ ነው። ጉዳዩን ከገበያው ዳር ጨርቅ ለሚሸጠው ለወዳጄ ለጁሃር ባጫውተው፣ «እኛም ቁርኣን የቀራነው እየጮህን ነው ጋሽ ፈንታ፤ ዝም ብንል ኡስታዙ መች ይለቀን ነበር!» አለኝ። እንግዲህ መዝገቡ ክፍት ከሆነ እሱንም ከእኔ ሥር ይጻፉልኝ፤ ብቻዬን ከምሆን።

ሦስተኛውን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር፤ አሁንም እጄ ይከብደኛል። ባለቤቴ ሐረገ ወይን በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ፊደል ስትማር፣ እኔ የየኔታ ፊደል ጠፍቶብኝ ሳለ ከሴት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ። ኩራት ነበር፤ አሁንም አለብኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት የልጃችንን ደብዳቤ፣ የቀበሌውን ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሳይቀር ጮክ ብላ ያነበበችልኝ እሷ ናት። አንዳንዴ እኔን የሚያስከፋ ቃል ሲመጣባት ጠጋ ብላ፣ «እዚህ ላይ ደግሞ ስለ አንተ ነው፤ ልዝለለው?» ትለኝ ነበር፤ «አንብቢው!» ስላት ከፊተኛው አብልጣ ድምፅዋን ከፍ ታደርገው ነበር። በቤቴ ንባብ ማለት አንዱ ሲል አንዱ ሲሰማ ነው። እሷ ስትሞት ወረቀቱ ሁሉ ዝም አለ። በስድሳ ሰባት ዓመቴ አባቴ ካስቆመኝ ቦታ ፊደሉን እንደገና የጀመርሁት ያን ዝምታ መቻል አቅቶኝ ነው። ወረቀት ይዞ ሰው ደጅ ከሚቆም ሽማግሌ ተነሥቼ ራሱ የሚያነብ ሽማግሌ ሆኛለሁ። እርስዎ አሁን በፊርማዬ ወደዚያ ደጅ ተመለስ ይሉኛል። አልፈርምም። ካርዱ ይቅር፣ መጽሐፉ ይቅር፣ አልፈርምም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ ግን አቅሜ አነሰ።

ይልቅስ ያለፈው ገበያ ዕለት የሆነውን ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል። ከበርዎ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ፤ «ድምፅ አውጥቶ ማንበብ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ማኅተምም ፊርማዎም አለበት። ደጁ የሕዝብ መንገድ ነውና ጋቢዬን አስተካክዬ ቆምሁና እሱኑ በውርድ ንባብ አነበብሁት። ጥበቃው ሮጦ መጣ። «አባባ፣ ክልክል ነው!» ቢለኝ፣ «ታዲያ የለጠፋችሁት እንዲነበብ አይደለም?» አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «እሱስ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሽንኩርት የተሸከሙ ሴቶች ቆሙ፤ አህያ የሚነዱትም ቆሙ። አንዲት ሴት፣ «ደኅና አርገው ይድገሙልን እስቲ፣ ማን ነው የከለከለው?» ስትለኝ ደገምሁላት፤ ስምዎ ላይ ስደርስም ለክብርዎ ስል ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አምስት ጊዜ ተነበበ። ከቆሙት ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ አሁን ግን ማስታወቂያዎን በቃላቸው ያውቁታል። ንባብ ቤትዎ ከተከፈተ ጀምሮ ይህን ያህል ሰው ደርሶት ያውቅ እንደሆነ ምሥራቅን ይጠይቋት።

የምለምንዎ አጭር ነው። ከስሜ አንጻር የተጻፈው ይሰረዝ፤ በምትኩም «ጮክ ብሎ ያነባል» ተብሎ ይጻፍ፤ እውነት ነውና አልቀየምም። ካርዴም ይመለስ። ይህ እስኪሆን በየገበያው ቀን ከበርዎ ፊት ቆሜ የለጠፉትን ሁሉ አነባለሁ። አዲስ ከለጠፉ አዲሱን፣ ምንም ካልለጠፉም አሮጌውን በቃሌ።

ጸጥታዎን ያብዛልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የሚሰማዎ ሰው አይጥፋብዎ እያልሁ፣ ከመሬት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ፈርሚ ያሏትን ሳይሆን የወደደችውን የምትፈርም እጅ ያለኝ፣
አንባቢው ፈንታ ዘመኑ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ በልብዎ ካነበቡት ምስጋና ይመስልዎታል። እባክዎ፣ አንዴ ብቻ፣ ቢሮዎን ዘግተው በድምፅ ያንብቡት።