በር አንኳኪዋ እህታችን ወ/ሮ ዋጋነሽ ጉታ

ወ/ሮ ዋጋነሽ ጉታ ከአባታቸው ከአቶ ጉታ ያደሳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፀዳለ ቶላ በወልመራ ወረዳ ግንቦት 3 ቀን 1953 ዓ.ም ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ጽፎ የሚያነብላችሁ ኤባ ደግሞ የመጨረሻው ነው። እናታቸው ሲያወሩ ዋጋነሽ መዳህ እንደሰለቻቸው ተነሥተው መሮጥ ጀመሩ ይሉ ነበር። ማጋነን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቀስ ብለው ሲራመዱ ያየ ሰው እዚህ ካለ ከቀብሩ በኋላ ኤባን ያነጋግረው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ኮልፌ ይኖሩ ከነበሩ አክስታቸው ዘንድ መጥተው ትምህርት ጀመሩ። በአማርኛ የተማሩትን ቤት ገብተው ለአክስታቸው በኦሮምኛ ያስተምሩ ነበር፤ አክስት ፈለጉም አልፈለጉም።

በ1970 ዓ.ም አንዲት የክፍል ጓደኛቸው በአንድ ቤት በድብቅ ወደሚደረግ ጸሎት ወሰደቻቸው። እዚያ ወንጌልን ሰምተው አመኑ። ዘመኑ መዝሙር የሚያሳስርበት ስለነበር የቤቱ ሰዎች ነገሩን በሆዳቸው እንዲይዙ አጥብቀው አስጠነቀቋቸው። ወ/ሮ ዋጋነሽ ግን እንኳን ይህን የሚያህል ነገር የገበያ ዋጋ እንኳ በሆዳቸው መያዝ አይችሉም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በዚሁ ምክንያት በ1971 ዓ.ም ለሦስት ሳምንት ታሰሩ። እሳቸውን እንዲያነቃ የተመደበው ካድሬ ብዙም ሳይቆይ "ወይ እሷን ፍቷት፣ ወይ እኔን ቀይሩኝ" ብሎ ማመልከቱን አብረዋቸው የታሰሩ ነግረውናል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካጠናቀቁ በኋላ በ1974 ዓ.ም በውኃ ቆጣሪ አንባቢነት ተቀጥረው እስከ ጡረታ አገልግለዋል። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አስኮ ያለው ግቢ ሁሉ በሥራ ምክንያት ተከፈተላቸው፤ ለእሳቸው ዓይነት ሰው ከዚህ የተሻለ እንጀራ አልነበረም። ጎንበስ ብለው ቆጣሪውን አንብበው ቀና ሲሉ ወሬው ከውኃ ወደ ወንጌል ዞሯል። ውሻ የፈቱባቸው አሉ። ቁርስ ያበሏቸውም አሉ። አለቃቸው ሥራው ዘገየ ብለው ሲቆጧቸው ምስክርነቱን ከሥራ ሰዓት ውጪ አደረጉት፤ ይህም አንዱን በር በቀን ሁለቴ ማንኳኳት ጀመሩ ማለት ነው።

በ1977 ዓ.ም ከአቶ ማርቆስ ደበላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ምህረትንና ግሩምን ወልደዋል። አቶ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዝምተኛና እርጋታ የሚወዱ። ሚስታቸው ምሳ ደርሶ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲቆሙባቸው ወይም ያን ሰው ይዘውት ሲመጡ አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረም። ባለ ሱቁ ጎረቤታቸው አቶ ጀላልም ስብከቱ ሲጀመር "እትዬ ዋጌ፣ እሱን ይተዉትና ስኳሩ ስንት ኪሎ ይሁን?" እያሉ ይስቁ ነበር። አቶ ጀላል በእምነታቸው እንደ ጸኑ፣ ወ/ሮ ዋጋነሽም በስብከታቸው እንደ ጸኑ ጎረቤትነታቸው ሳይደፈርስ ኖረዋል። ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው መካከላችን ቆመዋል።

ጥድፊያቸው ጣጣም ነበረው። በ2009 ዓ.ም ለቀብር ሲቻኮሉ ማዞሪያው ላይ የሌላ ለቀስተኛ አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። መሳሳታቸውን ያወቁት መካነ መቃብሩ በር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን አጠገባቸው ለተቀመጠች፣ ወንድሟን ልትቀብር ለምትሄድ ሴት የትንሣኤን ተስፋ ሲነግሯት ነበር። ጥለዋት አልተመለሱም፤ የማያውቁትን ሰው አልቅሰው ቀበሩ። ያቺ ሴት ወ/ሮ ማራኪ ዛሬ ከመዘምራኑ ጋር ቆመው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ሰው ሲሰማቸው ታናሽ ወንድማቸው ኤባ አልሰማቸውም። በ1998 ዓ.ም የኤባ አንድያ ልጅ ያደሳ በዘጠኝ ዓመቱ ታመመ። ወ/ሮ ዋጋነሽ ጾሙ፣ ምእመናኑም አብረዋቸው ጾሙ፤ ልጁ ግን ሞተ። ኤባ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጸለየም፤ ማዕድ ሲባረክ እንኳ አሜን ማለት አቆመ። ወ/ሮ ዋጋነሽ አልተከራከሩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና "ዛሬስ?" ይሉታል። እሱም "ዛሬም" ይላቸዋል። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ሆን ብሎ ከቤት ይወጣ ነበር፤ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመው ያገኛቸዋል። ይህ ያበሽቀው ነበር። ሲቀሩ ደግሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

አምና የጉበት ሕመም ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። እዚያም የግሉኮሱን ማንጠልጠያ እየገፉ ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ ነርሶቹ "እማማ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ ይተኙ" እያሉ ይለምኗቸው ነበር። መድኃኒቱ እንደማያድናቸው ሲነገራቸው ቀራንዮ ወደሚገኘው ቤታቸው ተመለሱ፤ የሕይወት ታሪካቸውንም ኤባ እንዲጽፈው አዘዙ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አቶ አምሐ አማኝ ቢጽፈው እንደሚሻል በትሕትና ቢያሳስቧቸው "ኤባ ይጻፈው፤ እሱ አይዋሽም" ብለው መለሱላቸው።

ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ኤባ የጻፈውን አነበበላቸው። "ካድሬውን አታሳጣው፣ ደግ ልጅ ነበር" አሉት። ቀጥለውም "መዝጊያውስ?" ብለው ጠየቁ። መዝጊያውን የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ይናገሩታል ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሕይወት ታሪክ በጸሎት ነው የሚዘጋው፤ የሚዘጋውም የጻፈው ሰው ነው።"

ኤባ ለምን እንደተመረጠ ያን ጊዜ ገባው። ደሙ ፈላ። ደህና ዋይ ሳይል ወጥቶ በዝናብ ከቀራንዮ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በእግሩ ሄደ። ረዳቶች ከየታክሲው እየጠሩት አልገባም። ልቡ አልበርድ ሲለው ያንኑ መንገድ ይዞ ተመለሰ። ነቅተው ጠበቁት። "ዛሬስ?" አሉት።

"እትዬ፣ ደስ እንዲልሽ ብዬ አልዋሽም።"

"ዋሽ ማን አለህ? በሆድህ ያለውን ንገረው። ከእኔ ጋር አይደለም የተኳረፍከው።"

ወ/ሮ ዋጋነሽ ጉታ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ከእናንተ ጋር ሆነው ይሸኟቸዋል። በእጃችሁ ያለው ወረቀት እዚህ ላይ ያበቃል። ማተሚያ ቤት ሲሄድ ቀሪው አልተጻፈም ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ከልጄ ሞት ወዲህ ካንተ ጋር አልተነጋገርንም። ቂሜ ወጥቶልኛል ብዬ አልዋሽህም። ምን ብዬ እንደምጠራህም ጠፍቶኛል። ግን እህቴ ወዳንተ መጥታለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስላንተ ስትሮጥ ደክሟታል። ደህና አድርገህ ተቀበላት። ያደሳ እዚያ ካለ፣ መጀመሪያ እሱን አሳያት። አሜን።